አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ተረቱን በልጅነታችን ያልሰማነው የለም። እኔም ልደግመው የደፈርኩት ለዛሬው ነገሬ መንደርደሪያ እንዲሆነኝ ብቻ ነው። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ ሁሉ መዓት የመጣብን በኃጢአታችን ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳው የሰው በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናገረ፤ «ያንተማ ምን ኃጢአት ነው» ተባለ። ነብሩ ፍየሏን፣ ጅቡ ጥጃውን ተናዘዙ፤ ለእነርሱም እንዲሁ ተባለላቸው። ተራው አህያው ላይ ሲደርስ «ጌታዬ ጭኖኝ ሲሄድ መንገድ ላይ ቆሞ ከወዳጁ ጋር ተጨዋወተ፤ እኔም ከመንገዱ ዳር ጥቂት ሣር ነጨሁ» አለ። «ለካስ አገር ያጠፋኸው አንተ ነህ!» ብለው ሦስቱም ተረባረቡበት።

ብዙዎቻችን ከዚህ ተረት የምንወስደው ለአህያው ማዘንን ነው። እኔን ግን ከቆየ በኋላ የቆረቆረኝ ሌላ ነገር ነው፤ በአህያው ላይ የተመሰከረ አንዳች ሐሰት የለም። ሣሩን ነጭቷል፤ ሣሩም የእርሱ አልነበረም። ሸንጎ ተቀምጧል፣ ኑዛዜ ተሰምቷል፣ ፍርድ ተሰጥቷል። መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ስሕተት አያገኝበትም። የተረቱ መርዝ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እውነተኛ ጥፋት ላይ የተሰጠ እውነተኛ ፍርድ ራሱ የሌብነቱ መሸፈኛ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ ስፖርት ልጽፍ ነው። ስንኝ ፍለጋ የመጣ አንባቢ ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። ነገር ግን በአገራችን ሕግ እንደ ቲያትር መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሕዝብ በጭብጨባና በፉጨት የሚያየው ሜዳ ላይ ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ የሚያነብ ጥቂት ነው፤ የዳኛን ፊሽካ ግን እረኛውም ይሰማል። ልጆቻችን «ደንብ» የሚባለውን ቃል መጀመሪያ የሚማሩት ከኳስና ከሩጫ ነው፤ እዚያ ጠማማ ሆኖ ካገኙት በሌላው ቦታ ቀና ነው ብላችሁ አታሳምኗቸውም።

ወደ 2008 ዓ.ም. ልመለስ። በሐምሌ መጨረሻ፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የገባው ሯጭ አልነበረም፤ ሮቤል ኪሮስ የሚባል ዋናተኛ ነበር። ነሐሴ ገና ሲጀምር በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ወደ ውሃው ገባ፤ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ፈጅቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሆኖ ወጣ። የዓለም ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ አገሩ ውስጥ የነበረው ቁጣ ግን የሳቅ አልነበረም። በወቅቱ እንደተዘገበው አባቱ የኢትዮጵያ የውሃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያው ሰሞን አልማዝ አያና በ10,000 ሜትር 29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ነበር።

በወጣቱ ላይ ልዘብት አልፈልግም። አገሬ ሁሉ ይሮጣል፣ እኔ ግን ሌላ ነገር ልሞክር ማለቱ ነውር የለበትም። ልብ በሉ፣ የተጣሰ ደንብም አልነበረም። በዋና የማጣሪያ ሰዓት ያሟላ ስፖርተኛ የሌላቸው አገሮች አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲልኩ ዓለም አቀፉ ደንብ ይፈቅዳል። ደንቡ ለደካማ አገር የተከፈተ የምሕረት በር ነው። የበሩ ቁልፍ የተንጠለጠለው ግን በአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው፤ የቢሮው ሹም ልጅም ዋናተኛ ነው። ባለ ሥልጣን ደንብ መጣስ አያስፈልገውም፤ ደንቡ ራሱ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። በጣና ዳር የሚዋኙት ልጆች እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ መኖሩን ሰምተው ይሆን? መርጦ የላከው ኮሚቴ በምን መመዘኛ እንደመረጠ ለሕዝብ ማስረዳት አይገባውም ነበር?

አራት ወር ቆየና ታኅሣሥ 2009 መጣ። አንድ የ22 ዓመት የማራቶን ሯጭ፣ በደቡብ ኮሪያ በዴጉ ማራቶን በተሰጠው ናሙና ሜልዶኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ተገኝቶበታልና በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የ3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በአገሪቱ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የተላለፈ የመጀመሪያው የእስራት ፍርድ ተብሎ ተዘገበ። ስሙ ያኔ በጋዜጣ ወጥቷል፤ እኔ አልደግመውም፣ በበቂ ተጠርቷል። ያኔ ግን በየቡና ቤቱ «ጎሽ! ሕግ አለ ማለት ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሜልዶኒየም ላትቪያ ውስጥ የሚሠራ የልብ መድኃኒት ነው። የታገደውም ከፈረንጆቹ 2016 መግቢያ፣ ማለትም ከታኅሣሥ 2008 ጀምሮ ነበር። እገዳው ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ በአውስትራሊያ ኦፕን ሜዳ ላይ የቴኒስ ንግሥት የምትባለው ማሪያ ሻራፖቫ በዚሁ ንጥረ ነገር ተያዘች። 2 ዓመት ታገደች፤ ይግባኝ ብላ ወደ 15 ወር አስቀነሰች፤ በሚያዝያ 2009 በስቱትጋርት ውድድር ያለ ማጣሪያ በልዩ ግብዣ ተመለሰች። በዚያች ቀን የእኛው ልጅ የእስራት ፍርድ ከተላለፈበት ገና አራት ወሩ ነበር።

«የአገሩ ሕግ ይለያያል፤ እዚያ ወንጀል አይደለም፣ እዚህ ወንጀል ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ኢትዮጵያ ጥብቅ ሕግ በማውጣቷም አልከሳትም። ደግሞም ልጁ ንጹሕ ነበር አላልኩም፤ አህያውም ሣሩን ነጭቷል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የባልቲክን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ኪኒን በ22 ዓመት ልጅ እጅ ብቻውን አይደርስም። ያስገባው ነጋዴ አለ፣ የሸጠው መደብር አለ፣ «ውሰደው፣ ምንም አይልህም» ያለው ሰው አለ፣ ከሽልማቱ መቶኛ የሚቆርጥ ወኪል አለ። እነዚህ እጆች ሁሉ ከእርሱ እኩል ካልተፈለጉ፣ ከእርሱ እኩል ካልተፈረደባቸው፣ ያ እስራት ስፖርቱን አጸዳ ማለት አይቻልም። ውሃው ላይ ያለውን አረፋ ገፍፎ «ወንዙ ጠራ» እንደ ማለት ነው።

እኔ ኑሮዬን የምገፋው በባንክ መስኮት ኋላ ነው። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ 500 ብር ቢጎድል፣ ስሙ «ጉድለት» ይባላል፤ ባለቤት አለው፣ ፊርማ አለው፣ ከደመወዝ ይቆረጣል። ከላይ ፎቅ የተፈቀደ ሚሊዮን ብር ሳይመለስ ሲቀር ግን ስሙ «የተበላሸ ብድር» ነው። ቋንቋ ወዳጆች ስለሆናችሁ ቃሉን አጣጥሙልኝ፤ እንደ ወተት በራሱ ጊዜ ተበላሸ እንጂ ያበላሸው ሰው በቃሉ ውስጥ የለም። በስፖርቱም ሰዋስው እንዲሁ ነው። ተጫዋች «ይጥሳል»፣ አትሌት «ይወስዳል»፣ የጽሕፈት ቤቱ ግን «ክፍተት ታይቷል» ይባላል።

የእግር ኳሳችንን የደመወዝ ጣሪያ ተመልከቱ። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ምክንያቱ ቅን ነበር፤ አብዛኞቹ ክለቦቻችን «ከነማ»፣ «ከተማ» የሚል ስም የያዙ፣ ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅት ካዝና የሚጠጡ ናቸው። የውሃ ቧንቧና የጤና ጣቢያ የሚጠብቅ ሕዝብ ገንዘብ ነው። ታዲያ ደንቡን በእጃቸው አጨብጭበው ያጸደቁት ሰዎች ወደየከተማቸው ሲመለሱ ምን አደረጉ? ከጣሪያው በላይ ያለው በጎን እንደሚከፈል የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ዓመታት ሙሉ ሲናገሩት ኖረዋል። ጣሪያው ላይ ተጽፎ የቀረው ቁጥር ዝናብ አላስጣለም። በሌላ ወገን ደግሞ ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈላቸው፣ አቤቱታቸውን በፌስታል ይዘው በየቢሮው ደጅ የሚጠኑ ተጫዋቾች አሉ። ውል ያፈረሰ ተጫዋች ወዲያው ይታገዳል፤ ውል ያፈረሰ ክለብ ግን ቀጠሮ ይሰጠዋል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚባል ከባንክም የሚበልጥ ንግድ አላቸው። የእነርሱ የደመወዝ ጣሪያ ለብዙ ዘመን ዜሮ ነበር፤ ተጫዋቹ ተማሪ ነውና ከነጻ ትምህርት በላይ ሰባራ ሳንቲም አይነካም። አሠልጣኙ ግን ሚሊዮኖችን ይበላል። በኔቫዳ ላስ ቬጋስ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥን የነበረው ጄሪ ታርካኒያን አንድ ጊዜ የቀለደው ቀልድ ከእኛ አገር የወጣ ይመስላል። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር በታላቁ ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ላይ እጅግ ከመቆጣቱ የተነሣ ትንሹን ክሊቭላንድ ስቴትን ሁለት ዓመት ይጨምርበታል አለ። አማርኛ ይህን በሦስት ቃል ጨርሶታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ለ18 ዓመት ያህል አስተማሪ የማይገባባቸው፣ ወረቀት አስገብቶ ውጤት የሚወሰድባቸው ኮርሶች እንደነበሩ፣ ከ3,100 የሚበልጡ ተማሪዎችም እንዳለፉባቸው በ2007 ዓ.ም. የወጣ ምርመራ ገለጠ፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። ማኅበሩ ግን በጥቅምት 2010 «ኮርሶቹ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ ደንባችን አይነካቸውም» ብሎ ዩኒቨርሲቲውን ሳይቀጣ ተወው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ የፌዴራሉ ፖሊስ ለተጫዋቾች ቤተሰብ በድብቅ ገንዘብ በመክፈልና ጉቦ በመቀበል የተጠረጠሩ 10 ሰዎችን ይዞ ነበር። በረዳት አሠልጣኞች ላይ ክስ ተመሠረተ፤ በአንድም ዋና አሠልጣኝ ላይ ግን አልተመሠረተም። የአዲዳሱ ሠራተኛ ጄምስ ጋቶ 9 ወር እስራት ተፈረደበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው እንዲያተርፉ ተፈቀደ፤ ከሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው በቀጥታ ይከፍሏቸዋል። ትናንት ያሳሰረው ዛሬ የበጀት አርእስት ሆነ።

ይህን ስጽፍ እኔም የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) ያ የተሰነጣጠቀ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ትዝ አለኝ። በትምህርት ክፍሎች ውድድር የእኛ ቡድን አንድ ልጅ የተማሪ መታወቂያው ስለጠፋበት በፎርፌ ተሸነፍን። ለዋንጫ የደረሰው ቡድን ደግሞ ባለፈው ዓመት ተመርቀው የወጡ ሁለት ልጆች አሰልፎ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ የውድድሩ ኃላፊም በስማቸው እየጠራ ያበረታታቸው ነበር። ደንቡ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ሳምንቱም አንድ ነበር።

ሕግ ለሁሉም እኩል ሲመታ ግን ሰው እንደምን ጸጥ ብሎ እንደሚቀበል ያየንበትም ጊዜ አለ። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ፣ ምንያህል ተሾመ በቢጫ ካርድ ምክንያት ማረፍ ሲገባው ተሰልፏል ተብሎ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። አገር አለቀሰ፤ ተበደልን ያለ ግን ጥቂት ነው። በዚያው ማጣሪያ ቶጎም፣ ኢኳቶሪያል ጊኒም በተመሳሳይ ጥፋት ተቀጥተዋል፤ ኬፕ ቨርዴ ደግሞ ቱኒዝያን አሸንፋ በእጇ ያስገባችውን ዕድል አጥታለች። እኛ ግን ቀሪውን ጨዋታ በሜዳ አሸንፈን አለፍን። ቅጣቱን ያስተላለፈው ፊፋ ራሱ ምን ያህል ንጹሕ እንደነበር ደግሞ በግንቦት 2007 ዓ.ም. ዙሪክ ሆቴል ውስጥ ሹማምንቱ ሲለቀሙ ታየ፤ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ በክሱ የዘረዘረው ጉቦ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከእኛ ፌዴሬሽን በአንድ ካርድ 6,000 የስዊስ ፍራንክ የተቀበለ እጅ ነው።

አሁን ወደ ቀዬአችን ልውረድ። ሰቆጣን የማያውቅ አንባቢ ቢያንስ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚለውን ሰምቶ ይሆናል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በፈረንጆቹ 2030 ሊያጠፋ የገባው ቃል በከተማችን ስም ተሰይሟል። በዋግ ኽምራ ደጋ የሚያድግ ልጅ ቁመቱ ዕድሜውን አይናገርም። የ17 ዓመቱ የ13 ይመስላል፤ ፀሐይና ጭነት ያበሰለው የ15 ዓመት ፊት ደግሞ የ22 ይመስላል። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው፤ ሮቤል ባንዲራውን ይዞ ስታዲየም በገባበት በዚያው ሳምንት ማለት ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደ የአበርገሌ ወይም የዝቋላ ልጅ ዕድሜ ማለት የእናቱ ትዝታና የቀበሌው ማኅተም ነው።

እንግዲህ የዕድሜ ገደብ ያለበት የሩጫ ምርጫ ሲመጣ አስቡት። አንድ ጊዜ በአንድ የምርጫ ውድድር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። በላስቲክ ጫማ ሮጦ ሁለተኛ የወጣ የገጠር ልጅ «ዕድሜህ አልፏል» ተባለ። በምን ታወቀ? በዓይን። አምስተኛ የወጣው ግን ወረቀት ነበረው፤ የወረቀቱ ቀለም ገና እጅ ያቆሽሽ ነበር። ልጁ አልተከራከረም። ጫማውን አውልቆ፣ አራግፎ፣ መልሶ አጠለቀና ወደ መጣበት ሄደ። ዕድሜን መዋሸት ስፖርታችንን የሚበላ ነቀርሳ መሆኑን አልክድም፤ ደንቡም ያስፈልጋል። ነገር ግን ወረቀት ማስጻፍ የሚችለውን አሳልፎ፣ ማስጻፍ የማይችለውን የሚመልስ ማጣሪያ የሚያጣራው ዕድሜን አይደለም፤ ዘመድን ነው። ያለ አዋላጅና ያለ መዝገብ የተወለደ ሰው በፊቱ መጨማደድ ተፈርዶበት ሲመለስ «ደንብ ተከበረ» ብሎ የሚፈርም እጅ ደግሞ በዚያችው ቀን አበል ይፈርማል።

እኛ የቃል ወዳጆችም ከዚህ ሸንጎ ውጭ አይደለንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን እንደ ጥበብ እየጠቀስን፣ በየሰርጉ እየሳቅንበት፣ ለሌባ ማለፊያ ካባ አልብሰነዋል። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ስንልም ድምፃችን ላይ ሐዘን ሳይሆን አድናቆት አለ። እነዚህ የአባቶች ምሬት ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ እኛ ግን መመሪያ አደረግናቸው። እነዚያው አባቶች «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃልም ነበራቸው። ባላገሩ ይህን ሲል መኳንንቱ በቅሎውን ይገታ ነበር ይባላል። የሚያስገርመኝ ቃሉን የሚናገረው ደካማው መሆኑ ነው። ዛሬ ግን በሕግ ስም የሚጮኸው ሁልጊዜ ጉልበተኛው ነው። ሁለት ስንኝ ሞክሬበት ነበር፤

ሚዛኑስ ደኅና ነው፣ ይመዝናል በውል፤
የድሃውን ጥሬ፣ የጌታውን ቃል።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ጥፋተኛው ድሃ ስለሆነ ይለቀቅ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። አይለቀቅ። ነገር ግን አንድ አትሌት ሲታሰር «ሕግ አለ» ብለን ማጨብጨባችንን እናቁም፤ የዚያች ጭብጨባ ዋጋ ለሌሎቹ ነጻ መውጫ ሆኖ ይመነዘራል። ለኦሊምፒክ ማን በምን መመዘኛ እንደተመረጠ ቃለ ጉባኤው ከጉዞው በፊት ይውጣ፤ ከመራጮቹ ጋር ዝምድና ያለው ካለም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ክለቦች ከከተማ በጀት የተቀበሉትንና ለእያንዳንዱ ተጫዋች የከፈሉትን፣ ከፊርማው ጋር፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉ። በሰቆጣም በሚቀጥለው ምርጫ፣ የሚሮጡት ልጆች ስም፣ የያዙት የዕድሜ ማስረጃና ማስረጃው የተጻፈበት ቀን ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት ሜዳው በር ላይ ይታይ። ቀለሙ ያልደረቀውን ወረቀት ያን ጊዜ የገበያው ሰው ሁሉ ያየዋል።